«ጠዋት አልነሳም አለ»፦ ስለ አፕዴትና ስለ ታብሌት ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የሚደርሱኝ ጥያቄዎች እህትማማች ናቸው። «ማታ አፕዴቱን ጭኜ ተኛሁ፣ ጠዋት ታብሌቱ አልነሳም አለ።» ታብሌት መፍታትና መግጠም ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። በራሴም ላይ ደርሶብኛል። ስለዚህ አንድ ላይ ልመልስ። ዓመቶቹን፣ ወሮቹንና ቀኖቹን የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ አይፓዴ ከአፕዴት በኋላ የፖም ምልክቱ ላይ ስታክ አድርጎ ቀረ። ሞተ ማለት ነው?

ምልክቱን ካየህ አልሞተም። እሱን የሚያሳየው መጀመሪያ የሚነሳው ትንሹ ፕሮግራም ነው። ትንሹ ደህና ነው፤ የተበላሸው ተከትሎት የሚመጣው ትልቁ ነው። መጀመሪያ ቻርጀር ላይ ሰክተህ አንድ ሰዓት ተወው። ቀልዴን አይደለም። ከትልቅ አፕዴት በኋላ የመጀመሪያው መነሳት ረጅም ጊዜ ሊፈጅ ይችላል፤ ብዙ ሰው ግን ትዕግሥቱ አልቆ መሀል ላይ ያጠፋዋል። ጉዳቱ የሚመጣውም ያኔ ነው።

ካልሆነ በግድ አስነሳው። ክብ ቁልፍ ያለው አይፓድ ከሆነ ክቡንና የላይኛውን ቁልፍ አንድ ላይ ይዘህ ቆይ። ክብ ቁልፍ ከሌለው ለላይኛው ቁልፍ የሚቀርበውን የድምፅ ቁልፍ ነካ አድርገህ ልቀቅ፣ ከዚያ ሁለተኛውን የድምፅ ቁልፍ ነካ አድርገህ ልቀቅ፣ ከዚያ የላይኛውን ተጭነህ ያዝ። ምልክቱ ጠፍቶ እስኪመለስ አትልቀቅ። አንድሮይድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የማብሪያውንና የድምፅ መቀነሻውን አንድ ላይ መያዝ ነው።

የምር የሞተ ታብሌት ምልክት አያሳይም፤ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካም ኮምፒውተሩ ምንም እንዳልተሰካ ዝም ይላል።

ጥያቄ፦ ከኮምፒውተር ጋር ሳገናኘው «አፕዴት» ወይስ «ሪስቶር» ይለኛል። የቱን ልንካ?

አፕዴትን። ሪስቶር ሁሉንም ያጠፋል። አፕዴት የሚለው ያለህን ነገር ሳይነካ ሲስተሙን እንደገና ለመጫን ይሞክራል። ኢንተርኔትህ ቀርፋፋ ከሆነ ፋይሉ እስኪወርድ ከ15 ደቂቃ ሊያልፍ ይችላል፤ ያን ጊዜ ታብሌቱ ከሪከቨሪ፣ ማለትም ከኮምፒውተሩ ጥገና ከሚጠብቅበት ሁኔታ፣ ይወጣል። አትደንግጥ፣ ማውረዱ ይጨርስ፣ ከዚያ ወደ ሪከቨሪ ያስገባህባቸውን ቁልፎች ደግመህ ተጫን።

ጥያቄ፦ አፕዴት ታብሌት ይገድላል የሚባለው እውነት ነው ወይስ የጠጋኞች ወሬ?

እውነት ነው። ሰሪዎቹም ራሳቸው አምነዋል። በ2013 ጥቅምት ወር ማይክሮሶፍት ለሰርፌስ አርቲ ታብሌት ዊንዶውስ አርቲ 8.1ን አወጣ። በቀናት ውስጥ ከመደብሩ አነሳው፤ አንዳንዶቹ ታብሌቶች ከተጫነባቸው በኋላ መነሳት አቅቷቸው ነበር። ኩባንያው ችግሩ የገጠመው ከ1,000 ታብሌት ከ1 ያነሰውን ነው አለ። ሰዎች በፍላሽ ዲስክ ጭነው የሚያድኑበትን ፋይልም አወጣ። ከሺህ አንዱ ሲባል ትንሽ ይመስላል። አንዱ አንተ ከሆንክ ግን መቶ በመቶ ነው።

2016 ለአይፓድ ክፉ ዓመት ነበር። በመጋቢት የአይፓድና የአይፎን ሲስተም የሆነው አይኦኤስ 9.3 ሲወጣ እንደ አይፓድ 2 ያሉ የቆዩት ከተጫነባቸው በኋላ መጀመሪያ የተከፈቱበትን የአፕል አካውንትና የይለፍ ቃል ጠየቁ። ታብሌቱ አልተበላሸም፤ በሩ ተቆልፎ ነው። ቁልፉን ከአራት ዓመት በፊት የጣለ ሰው ግን ደጅ ቀረ። አፕል ለቆዩት አንስቶ አስተካክሎ መለሰው። በግንቦት ደግሞ 9.3.2 ወጣ፤ ያኔ አዲስ የነበረው ባለ 9.7 ኢንቹ አይፓድ ፕሮ «ስህተት 56» እያለ ቆመ። እሱም ተነስቶ ተመለሰ።

በ2024 መስከረም ደግሞ አይፓድኦኤስ 18 ወጣ። ኤም 4 የሚባለው ቺፕ ያለው አይፓድ ፕሮ ከገበያ ከዋለ ገና አራት ወር ገደማው ነበር። አንዳንዱ አፕዴቱን እየጫነ ጨልሞ ቀረ። አፕል ለዚያ ሞዴል ብቻ ወዲያው አነሳውና በጥቅምት 3 በ18.0.1 መለሰው። እኔን የገረመኝ የተጎዳው ማን እንደሆነ ነው። አሮጌ አይደለም፣ ርካሽም አይደለም። ኩባንያው በጊዜው ከሚሸጣቸው ታብሌቶች ሁሉ አዲሱና ውዱ ነው።

ጥያቄ፦ እንዴት ነው አንድ ፋይል ዕቃውን ሁሉ ጥሎት የሚሄደው?

ባለ አንድ ክፍል ቤት አስብ። ውስጡ ተኝተህ ወለሉን እየነቀሉ ይቀይሩልሃል። መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ የምትቆምበት የለህም። የድሮው አፕዴት እንዲህ ነበር።

አንድሮይድ በ2016፣ በ7.0፣ ሁለተኛ ክፍል የሚሠራበትን መንገድ አመጣ። አንተ በአንዱ ትኖራለህ፣ አዲሱ ሲስተም በሌላው ይነጠፋል፣ ሲያልቅ ትዘዋወራለህ። አዲሱ አልነሳም ካለ ወደ ነበርክበት ትመለሳለህ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ስቶሬጅ ይበላል፤ ሁሉም አምራች ወዲያው አልተቀበለውም። ደግሞ ታብሌት ውስጥ ባትሪውን፣ ስክሪኑን፣ ኔትወርኩን የሚያዙ ትንንሽ ቺፖች አሉ፤ የራሳቸው ፕሮግራም አላቸው። አፕዴቱ እነሱንም ይነካል። ለእነሱ ሁልጊዜ መጠባበቂያ ክፍል የለም።

ጥያቄ፦ ወደ ድሮው ልመለስ ብል?

የኔ ዋና ቅሬታ ያለው እዚህ ላይ ነው። አይፓድ ላይ ማንኛውም ሲስተም ከመጫኑ በፊት የአፕልን ሰርቨር ፈቃድ ይጠይቃል። ኩባንያው ለአሮጌው ፈቃድ መስጠት ሲያቆም፣ አዲሱ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ያቆማል፣ ፋይሉ እጅህ ላይ ቢኖርም አይጫንም። ብዙ አንድሮይዶችም ከተወሰነ ቁጥር ወደ ኋላ እንዳትመለስ የሚከለክል ቆጣሪ አላቸው።

ምክንያቱ ተራ ሰበብ አይደለም። አሮጌው ሲስተም የሚታወቅ ቀዳዳ አለው፤ ታብሌትህን የሰረቀ ሰው ወደዚያ መልሶ ሊሰብረው ይችላል። እሺ፣ ይሁን። ግን በሩን ከኋላዬ የዘጋው ሰው ፊት ለፊቴ ገደል አለመኖሩን አይቶ መሆን አለበት። ስህተት ድሮም ነበር፣ ወደፊትም ይኖራል። ድሮ ግን ሲዲውን አውጥተህ የነበረውን ትጭናለህ፤ አሁን ይቅርታ የሚጠይቀው ፋይል እስኪመጣ ትቀመጣለህ።

ጥያቄ፦ ከኮምፒውተር ጋር 30 ዓመት ኖሬያለሁ። የሶፍትዌር ጥራት ዓይኔ እያየ ወርዷል። ወይስ ያረጀሁት እኔ ነኝ?

ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ይመስለኛል፤ እንዳይቀየሙኝ። ድሮ ደህና ነበር ሲባል ሁሉም የሚጠቅሰው የ2009ኙን የማክ ሲስተም፣ ስኖው ሌፐርድን ነው። አፕል «አዲስ ነገር የለውም» ብሎ፣ ያለውን አጠንክሮ ያወጣው ነው። እውነት ነው፣ ፈጣን ነበር። ግን ያው ስኖው ሌፐርድ መጀመሪያ ላይ በእንግዳ አካውንት ገብተው ሲወጡ የባለቤቱን ፋይል የሚያጠፋ ችግር ነበረበት። በ10.6.2 ነው የታረመው። ይህን ግን ሰው ረስቶታል። ትዝታም እንደ ሶፍትዌሩ አፕዴት ይደረጋል መሰለኝ።

ግን አንድ የተለወጠ ነገር አለ፤ እዚያ ላይ ከእርስዎ ጎን ነኝ። በ2018 ጥቅምት ማይክሮሶፍት ያወጣው የዊንዶውስ 10 አፕዴት የአንዳንድ ሰዎችን ዶክመንትና ፎቶ ሰረዘ። ኩባንያው አቁሞት በኅዳር መልሶ አወጣው። ጉዱ ከዚያ በኋላ መጣ፦ በነፃ ከሚሞክሩት ሰዎች አንዳንዶቹ ችግሩን ቀድመው ጽፈው ነበር። ሪፖርቱ በሺዎች ከሚቆጠሩ አስተያየቶች መሀል ተቀብሮ ቀረ። በኋላ ኩባንያው የችግሩን ክብደት የሚገልጹበት ቦታ ጨመረበት። እንግዲህ ይታይዎት። ሞካሪው ተራው ሰው ሆኗል፤ ሞካሪው ጮኾ ደግሞ የሚሰማው የለም።

ሌላው የቀን ጉዳይ ነው። አፕል ዘንድ በየዓመቱ መስከረም አዲስ ቁጥር መውጣት አለበት፤ ደረሰም አልደረሰም። እንጀራው ሳይበስል ምጣዱ ይከፈታል። ሲፈልጉ ግን ይችላሉ። በ2018 አይኦኤስ 12 አሮጌዎቹን ለማፍጠን ተብሎ ተሠራ፤ የ2013ቱ የመጀመሪያው አይፓድ ኤር በእርግጥም ነፍስ ዘራ። አእምሮው አልጠፋም ማለት ነው። የጠፋው ለማቆም የሚደፍር ነው።

ጥያቄ፦ ታብሌት ባይሆንም የክራውድስትራይኩ ነገር ከዚህ ጋር ይገናኛል?

በደንብ። በ2024 ሐምሌ 19 ክራውድስትራይክ የሚባለው የጥበቃ ሶፍትዌር ኩባንያ የላከው ፋይል፣ ማይክሮሶፍት በገመተው፣ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተር ጣለ። ክራውድስትራይክ ፋይሉን በ78 ደቂቃ ውስጥ መልሶ ነበር። ረፍዷል፤ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ተልኳል። መጀመሪያ ለጥቂቶች፣ ከዚያ ለብዙዎች ቢላክ ኖሮ ዜና አይሆንም ነበር።

ጥያቄ፦ አዲስ እንድንገዛ ሆን ብለው ነው አይደል የሚያዘገዩት?

ይህን የሚያረጋግጥ ነገር አላየሁም። ያየሁት መደበቅን ነው። አፕል ባትሪያቸው የደከሙ አይፎኖችን ፍጥነት እንደሚቀንስ ያመነው በ2017 ታኅሣሥ፣ ሰዎች ለክተው ከደረሱበት በኋላ ነው። በ2018 የጣሊያን የውድድር ባለሥልጣን በአፕዴት ስልክ አዘግይታችኋል ብሎ አፕልን 10 ሚሊዮን፣ ሳምሰንግን 5 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ። ቀድመው ቢናገሩ ግማሹ ሐሜት አይነሳም ነበር።

ጥያቄ፦ እንግዲያው አፕዴት የሚባል ነገር ብተወውስ?

አትተዪው። የጥበቃ ቀዳዳ የሚደፍኑትን ትንንሾቹን ቶሎ ጫኚ። ትልቁን፣ ቁጥሩ የሚለወጠውን ግን ሁለት ሳምንት አስቀምጪው። ኤም 4 ላይ አንድ ሁለት ቀን የጠበቀ ሰው ምንም አልሆነም። በራሱ እንዳይጫን አውቶማቲኩን አጥፊ፣ ቻርጀር ላይ ሰክተሽ፣ ቀን ላይ፣ ነቅተሽ እያየሽ ጫኚ።

ጥያቄ፦ የእናቴ ታብሌት ላይ ብዙ ፎቶ አለ፤ ባካፕ የለም። ሜሞሪውን ነቅሎ ማውጣት ይቻላል?

በአሁኖቹ አይሆንም። ፎቶው ተመስጥሮ ነው የሚቀመጠው፤ መፍቻው ደግሞ ዋናው ቺፕ ውስጥ ነው። ሜሞሪውን ብቻ ብትነቅሉት የሚወጣው ትርጉም የሌለው ቁጥር ነው። ያለው ተስፋ ታብሌቱ ራሱ እንዲነሳ ማድረግ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ፍላሽ ላድርገው፣ ማለትም ሲስተሙን እንደገና ልጫን፣ ቢል መጀመሪያ «ዳታው ይጠፋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

እኔ ይህን የተማርኩት ገንዘብ ሳይሆን ማስታወሻ ከፍዬ ነው። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነበር። ነጩ መስመር ሲሶው ላይ ደርሶ ቆመ። ሃያ ደቂቃ አፈጠጥኩበት። ከዚያ ማብሪያውን ተጫንኩ። አልነሳም ሲል ተናድጄ ሪስቶር አልኩት። በአሥር ደቂቃ ውስጥ አዲስ ሆኖ «እንኳን ደህና መጡ» አለኝ። የሁለት ዓመት ጽሑፌ ውስጡ ነበር። ጠጋኙ እኔ ነኝ፣ ባካፕ ያልነበረኝም እኔ ነኝ።

ጥያቄ፦ ብዙ ዓመት አፕዴት ያገኛል የሚባለውን ልግዛ?

ከሌላው ከተመጣጠነልህ፣ አዎ። በአውሮፓ ኅብረት ከ2025 ሰኔ 20 ጀምሮ ለሚወጡ ስልኮችና ታብሌቶች አምራቹ ሞዴሉን መሸጥ ካቆመ በኋላ ቢያንስ 5 ዓመት አፕዴት እንዲኖር ተደንግጓል። የዓመቱ ቁጥር ግን የአፕዴቱን ጥራት አይነግርህም።

ጥያቄ፦ የፖም ምልክቱ ላይ ቆሞ ቀረ ያልኩህ ሰው ነኝ። ቻርጀር ላይ ትቼው ነበር፣ አሁን በራ! አሁንስ ምን ላድርግ? ሌላ አፕዴት አለ ይለኛል።

አትንካው። መጀመሪያ ፎቶዎችህን ገልብጥ።