የመግ ኬኩን ደረቅ ድብልቅ ራስሽ አዘጋጂው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። ስኳርና የስንዴ ዱቄት የሌለበትን የቸኮሌት መግ ኬክ (በአንድ ኩባያ ውስጥ የሚሠራውን ኬክ) ደረቁን ክፍል አንዴ ቀላቅለሽ ማስቀመጥ፣ ማታ ሲያምርሽ እንቁላልና ቅቤ ብቻ ጨምረሽ ማይክሮዌቭ ውስጥ መክተት ነው የፈለግሽው። ከስር መልስ ከሰጡሽ ሰዎች ግማሾቹ «የታሸገውን ግዢና ተገላገይ» ብለውሻል። እኔን ለመጻፍ ያስነሳኝም ይሄ ነው። እባክሽ አትግዢ። ቢያንስ ይቺን አንብበሽ እስክትጨርሺ ጠብቂ።

ቤትሽ ውስጥ ስኳር ያለበት ሰው እንዳለ ገምቻለሁ። እኛ ቤት ባለቤቴ ነው። ማታ ከእራት በኋላ ጣፋጭ ካላገኘ እንቅልፍ አይወስደውም። ያንቺም ቤት ከዚህ የሚርቅ አይመስለኝም። ስለዚህ ኬክ እንዴት እንደሚጋገር አላስተምርሽም፣ ሰው የሚሳሳትበትን ቦታ ብቻ ልንገርሽ።

መጠኑን ላስቀድም። ለ10 ኩባያ የሚሆን፦ 200 ግራም ደቃቅ የአልመንድ ዱቄት፣ 60 ግራም ስኳር የሌለው ካካዎ፣ 120 ግራም የተፈጨ ኤሪትሪቶል (ስኳርን የሚተካ ማጣፈጫ ነው)፣ 15 ግራም ቤኪንግ ፓውደር፣ 2 ግራም ጨው። ድምሩ 400 ግራም ገደማ ስለሚመጣ ለአንድ ኩባያ 40 ግራም ይደርሳል። ማታ ላይ አንድ እንቁላል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ የገበታ ቅቤና አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ወይም ስኳር ያልገባበት ወተት ትጨምሪበታለሽ። ፋይበሩንና ኤሪትሪቶሉን ሳትቆጥሪ፣ አንዱ ኩባያ 4 ግራም አካባቢ ካርቦሃይድሬት ይኖረዋል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

1. ከሁሉም በፊት የማጣፈጫውን እሽግ ጀርባ አንብቢ። ፊቱን ተዪው። ፊቱ ላይ የፈለጉትን ይጽፋሉ።

እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ የታሸገ ድብልቅ ነበር የምንገዛው። ፊቱ ላይ በትልቁ «ስኳር የለውም»፣ ከስሩ ደግሞ «ለሎው ካርብ ተስማሚ»፣ ማለትም ካርቦሃይድሬት ለሚቀንስ ሰው የሚሆን፣ ይላል። ዋጋው አይነገርም፣ ከተራው የኬክ ድብልቅ ብዙ እጥፍ ነው። ባለቤቴ ወደደው። ደስ ብሎኝ በየማታው እሠራለት ነበር። ከዚያ ከእራት በኋላ ሲለካ ስኳሩ መውጣት ጀመረ። እራቱን ቀየርኩ። ፍራፍሬ ከለከልኩት። ሰውዬው ተደብቆ የሚበላ ነገር አለ ብዬ ሁሉ ጠረጠርኩት፣ እሱም ተቀየመኝ። አንድ ቀን ግን እራት ሳይበላ ኬኩን ብቻ በላና ለካ። መለኪያው ላይ የወጣውን ቁጥር ሳይ እሽጉን ከመደርደሪያ አውርጄ ጀርባውን ማንበብ ያዝኩ። በጣም ደቃቅ ፊደል ነው። ከካካዎው ቀጥሎ ማልቶዴክስትሪን፣ ከዚያ ማልቲቶል ይላል።

ማልቶዴክስትሪን ማለት ከበቆሎ፣ ከሩዝ ወይም ከድንች ስታርች የሚሠራ ነጭ ዱቄት ነው። ጣዕሙ ብዙም አይጣፍጥም፣ ሲበላ ግን የደም ስኳርን እንደ ግሉኮስ በፍጥነት ነው የሚያወጣው። ማልቲቶል የሚባለው ማጣፈጫ ደግሞ ከስኳር ዝቅ ቢልም የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ ግላይሴሚክ ኢንዴክሱ (ምግብ የደም ስኳርን ምን ያህል እንደሚያወጣ የሚለካበት ቁጥር) 35 አካባቢ ነው፣ የኤሪትሪቶል ግን ዜሮ ነው። ታዲያ እንዴት «ስኳር የለውም» ብለው ይጽፋሉ ትይኝ ይሆናል። ሕጉ ስለሚፈቅድላቸው ነው። መለያ ላይ «ስኳር» ተብለው የሚቆጠሩት እንደ ግሉኮስ፣ ፍሩክቶስ፣ ሱክሮስና ላክቶስ ያሉት ቀላል ስኳሮች ናቸው። ማልቶዴክስትሪን ከዚያ ውጭ ነው። ማልቲቶልም የስኳር አልኮል ስለሚባል ከዚያ ውጭ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ጊዜ ከሚበላው መጠን ላይ የስኳሩ ልክ ከ0.5 ግራም ካነሰ «ስኳር የለውም» ማለት ይቻላል። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ከ100 ግራም ላይ ከ0.5 ግራም መብለጥ የለበትም። ሁለቱም ስለ ስታርቹ ምንም አይሉም። ስለዚህ «ስኳር» የሚለውን መስመር ትተሽ «ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት» የሚለውን እይ፣ ከዚያ የገባውን ዝርዝር አንብቢ። ዝርዝሩ የሚጻፈው ከብዙው ወደ ትንሹ ነው።

ሻጩ ጋ ጻፍኩ። በትህትና ነው የጻፍኩት፣ የባለቤቴን ሁኔታ ሁሉ አስረድቼ። የመጣልኝ መልስ «እንዲህ ያለ ቅሬታ ያቀረበልን ደንበኛ የለም፣ ምናልባት ባለቤትዎ ሌላ ነገር ተመግበው ይሆናል» የሚል ነበር። ደሜ ነው የፈላው! ባዶ ሆዱን በልቶ፣ ፊቴ ተቀምጦ የተለካ ሰው ነው እኮ። መልሼ ስለ ማልቶዴክስትሪኑ ስጠይቅ ደግሞ «ምርታችን ሕጉን ያሟላ ነው» አሉኝና ዘጉት። ገንዘቡ ይቅር። በእነሱ ምክንያት ሰውዬውን በነገር ማስጨነቄ ግን እስካሁን ያናድደኛል።

ይሄ ነገር በታሸገ ድብልቅ ብቻ አያበቃም፣ ለዚህ ነው ያስረዘምኩት። በትንንሽ ከረጢት የሚሸጠው ስቴቪያ የሚባለው፣ ከቅጠል የሚወጣ ማጣፈጫ ዱቄትም አብዛኛውን ጊዜ ስቴቪያው ሽርፍራፊ ነው፣ የቀረው ማልቶዴክስትሪን ወይም ዴክስትሮስ ነው። ዴክስትሮስ ግሉኮስ ማለት ነው! አንድ ከረጢት ቡና ውስጥ ብትጨምሪ ምንም ላይመስል ይችላል፤ ለ10 ኩባያ የሚበቃ ስታፈሺበት ግን ራስሽ የሠራሽው ድብልቅ ያንኑ የታሸገውን ይሆንብሻል።

ኤሪትሪቶልን የመረጥኩት ለዚህ ነው። ከስኳር ጋር ሲተያይ ጣፋጭነቱ 70 በመቶ ያህል ነው። ከፍ ብሎ እንዲጣፍጥ የፈለገ ሰው መጠኑን ከመጨመር ንጹህ ስቴቪያ ወይም መንክ ፍሩት የሚባለውን ከፍሬ የሚወጣ ማጣፈጫ ቆንጥሮ ቢጨምርበት ይሻለዋል፣ ምክንያቱም ኤሪትሪቶል ሲበዛ አፍ ውስጥ የሚበርድ ስሜት ይተዋል። በ2023 ኔቸር ሜዲስን የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ፣ ደም ውስጥ ያለን ከፍተኛ የኤሪትሪቶል መጠን ከልብና ከስትሮክ አደጋ ጋር ያያያዘ ጥናት ወጥቷል። ጥናቱ መያያዙን አሳየ እንጂ ምክንያቱ እሱ ነው ብሎ አልቋጨም። የልብ ችግር ያለበት ሰው ካለ ግን ሐኪሙን ይጠይቅ። አሉሎስ የሚባለውን ማጣፈጫ ካገኘሽ እሱም ይሆናል፣ አይበርድም። ዚሊቶል የሚባለውን ማጣፈጫ ግን ውሻ ካላችሁ ቤት አታስገቢው፤ ለውሻ መርዝ ነው።

2. በማንኪያ አትስፈሪ፣ በሚዛን መዝኚ። አንዱ ማንኪያ ጠቅጥቆ ይሞላል፣ ሌላው ላላ ይላል። 10 ኩባያ ላይ ሲደመር ልዩነቱ ትልቅ ነው።

3. የአቀላቀሉ ቅደም ተከተል። ኤሪትሪቶሉ እንደ ስኳር ፍሬ ያለው ከሆነ መጀመሪያ ፍጪው። ካልተፈጨ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ፈጭተሽ እንደጨረስሽ መፍጫውን ወዲያው አትክፈቺ፤ ብናኙ እስኪረጋ ትንሽ ቆዪ፣ አለበለዚያ አፍንጫሽ ውስጥ ነው የሚገባው። ከዚያ ካካዎውን፣ ቤኪንግ ፓውደሩንና ጨውን አንድ ላይ በወንፊት ንፊ። እነዚህን መጀመሪያ የምታገናኚያቸው ቤኪንግ ፓውደሩ ትንሽ ስለሆነ ነው፤ በትልቁ ዱቄት ውስጥ ዝም ብለሽ ብትበትኚው አንዱ ኩባያ ገንፍሎ ይፈሳል፣ አንዱ እንደ ድንጋይ ይቀመጣል። ካካዎውን አጥብቀሽ ንፊው። ሳይነፋ የቀረ ጓል ኬኩ ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ጥርስ ሲነካው ደረቅ፣ መራራ ዱቄት አፍሽ ውስጥ ይበተናል። ቀጥሎ ኤሪትሪቶሉ፣ በመጨረሻ የአልመንዱ ዱቄት። አልመንዱ ቅባት ስላለው ይያያዛል፣ ወንፊቱ ላይ በጣትሽ እያሸሽ አሳልፊው። ነጭ መስመር ሳይታይ አንድ ወጥ ቡናማ ሲሆን በቃ።

ቤኪንግ ሶዳ ይተካዋል ወይ ላልሽው፣ አይተካውም። ሶዳ ኬኩን እንዲያስነሳ አሲድ ይፈልጋል። ተፈጥሯዊው ካካዎ ትንሽ አሲድ አለው፣ ጠቆር ያለው በአልካሊ የታከመው ካካዎ ግን አሲዱ ተገድሏል። በሶዳ ብትሠሪው አይነሳም፣ የሳሙና ጣዕምም ያመጣል። ቤኪንግ ፓውደር አሲዱን ይዞ ስለሚመጣ የትኛውም ካካዎ ቢሆን ግድ የለውም።

አቀማመጡ ላይ ሁሉም ሰው «ትልቅ ጠርሙስ ውስጥ ክተቺ» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ድብልቅ ጠርሙስ ውስጥ በተነቀነቀ ቁጥር ደቃቁ ወደ ታች፣ ሻካራው ወደ ላይ ይሄዳል። ማታ ማታ ከላይ እየጨለፍሽ የምትወስጂው ከታች ካለው ጋር አንድ አይሆንም። አስቀድመሽ 40፣ 40 ግራም እየመዘንሽ ዚፕ ባለው ትንሽ ላስቲክ ወይም ክዳኑ በሚገጥም ትንሽ ዕቃ ክፈዪው። ሌላም ጥቅም አለው። የአልመንድ ዱቄት ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ቅባት ነው፣ ሙቀት ላይ ሲቆይ ቅባቱ ይበላሻል፣ የቆየ ዘይት ይሸታል። ስለዚህ ለወራት እንዲቆይ ከፈለግሽ ቦታው ፍሪዘር ነው። ትልቁን ጠርሙስ ከፍሪዘር እያወጣሽ በየማታው ስትከፍቺ ግን እርጥበት ይገባል። ቤኪንግ ፓውደር ደግሞ እርጥበት ሲነካው እዚያው ዕቃው ውስጥ ሥራውን ይጨርሳል፣ ኩባያው ጋ ሲደርስ ጉልበት የለውም። በየአንዱ የተከፈለ ከሆነ አንዷን ብቻ ታወጪያለሽ፣ ሳትከፍቺ ቅዝቃዜዋን ታስለቅቂያታለሽ፣ ሌሎቹ አይነኩም። እያንዳንዷ ላይ የተቀላቀለችበትን ቀን ጻፊ።

ከስር «የወተት ዱቄት ጨምሪበት፣ ወዝ ይሰጠዋል» ያለችሽን አትስሚያት። ቅባቱ የወጣለት የወተት ዱቄት ግማሽ ያህሉ ላክቶስ ነው። «የአጃ ዱቄት» ያለችሽም እንደዛው ናት፤ አጃ ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ካርቦሃይድሬት ነው። በቅንነት ነው የሚሉት፣ አውቃለሁ፣ ግን እነሱ ሎው ካርብ አይደለም የሚሠሩት። ወዝ ከፈለግሽ ከውሃው ፋንታ ክሬም አድርጊ።

የኮኮናት ዱቄት ብቻ ነው ያለኝ ብለሻል። ይሆናል፣ ግን በአልመንዱ ልክ አትጨምሪ። ፈሳሽ ይጠጣል፣ በጣም ይጠጣል። ከ200 ግራሙ ፋንታ 70 ግራም አድርጊ፤ ያኔ አንዱ ኩባያ 27 ግራም ገደማ ይሆናል። ማታ ላይ ከአንዱ ማንኪያ ወተት ፋንታ ሁለት ወይም ሦስት ጨምሪና ሁለት ደቂቃ ያህል እስኪጠጣው አቆይው።

ማታ ስትሠሪው እንቁላሉን መጀመሪያ ለብቻው በደንብ ምቺ፣ ነጩ ክር ክር ማለቱ እስኪጠፋ። አለበለዚያ ኬኩ ውስጥ የተጠበሰ እንቁላል ታገኛለሽ። ሽታው ከከበደሽ ቫኒላ ጠብ አድርጊ፣ ወይ አስኳሉን ብቻ ተጠቅመሽ አንድ ማንኪያ ወተት ጨምሪ። ቅቤው ቀልጦ ለብ ይበል እንጂ አይፍላ። ኩባያው ትልቅ ይሁን፣ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ ከግማሽ በላይ አትሙዪው። ጠርዙ ላይ ወርቃማ ቅብ ያለበትን ተዪው፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ ይፈነጥቃል። 50 ሰከንድ አድርጊና እይው፣ ከዚያ በ10 በ10 ሰከንድ ጨምሪ። ባለ 1000 ዋቱ ደቂቃ አካባቢ ይበቃዋል፣ ባለ 700ው እስከ 90 ሰከንድ ሊፈልግ ይችላል። ጫፉ ደርቆ መሀሉ ገና ትንሽ የሚያብረቀርቅ ሲሆን አውጪው፤ ከወጣ በኋላም በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። እዚያው እስኪደርቅ ከጠበቅሽው ላስቲክ ነው የምትበዪው።

ባለቤቴ አሁን ይሄንን በልቶ ሲለካ ቁጥሩ ይህ ነው የሚባል ለውጥ የለውም። እህቶቹ እንኳ ስኳር ሳይኖርባቸው «ያንቺን ድብልቅ ክፈዪልን» ይሉኛል፣ ድግስ ሲኖር በከረጢት አድርጌ ነው የምሰጣቸው። ያንቺ ሰው ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ከሆነ ግን ካርቦሃይድሬት ስትቀንሱ ስኳሩ ከልክ በላይ እንዳይወርድ መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩበት። እዚህ የሚጽፍ ሰው ያንን ሊነግርሽ አይችልም፣ እኔንም ጨምሮ።

አሁን ቤትሽ ያለውን የማጣፈጫ እሽግ ጀርባ ፎቶ አንሺና እዚሁ ከስር ለጥፊው። ደቃቁ ጽሑፍ እንዲነበብ ቀረብ አድርገሽ አንሺው። ምን እንዳለበት አንብቤ እነግርሻለሁ።