ስለ ግብ መከታተያ ሶፍትዌር ጠይቁ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ

በጎጃም ከተሞች በፋብሪካና በንግድ ድርጅት የምትሠሩ ልጆች ስለዚህ ጉዳይ በተናጠል ስትጠይቁኝ ከርማችኋል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለኝምና እዚሁ ጠይቁኝ። አስቀድሜ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሶፍትዌሩ ላይ የሚታየውን ውጤት ከጉርሻና ከደመወዝ ጭማሪ ጋር አታያይዙት።

ከባሕር ዳር፣ የሰው ኃይል ባለሙያ፦ ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ኦኬአር የሚባለው የግብ አያያዝ ዘዴ ቢኤስሲ ከሚባለው የሥራ አፈጻጸም መመዘኛ በምን ይለያል? አለቃዬ አንድ ናቸው ይላሉ።

መልስ፦ አንድ አይደሉም። ቢኤስሲን ካፕላንና ኖርተን በፈረንጆቹ 1992 አስተዋወቁት፤ ድርጅትን በገንዘብ፣ በደንበኛ፣ በውስጥ አሠራርና በመማማር ዓይን ይመዝናል። ኦኬአር በ1970ዎቹ በኃላፊው በአንዲ ግሮቭ እጅ ኢንቴል በተባለው የኮምፒውተር ቺፕ አምራች ውስጥ ያደገ ነው፤ እዚያ ሠርቶ የነበረው ባለሀብት ጆን ዶር በ1999 ወደ ጎግል ወሰደው። አንድ ግብ ይቀመጣል፣ ከሥሩ ሦስት ወይም አራት የሚቆጠሩ ቁልፍ ውጤቶች ይገባሉ፣ በየሩብ ዓመቱ ይታያል። ጎግል ውስጥ ሙሉ ውጤቱ 1 ሆኖ፣ በድፍረት ለተያዘ ግብ ከ0.6 እስከ 0.7 ማግኘት ጥሩ ውጤት ነው። ሁልጊዜ ከመቶ መቶ የሚሞላ ሰው ግቡን ዝቅ አድርጎ ነው የያዘው። ይህ ቁጥር ከጉርሻ ጋር ከታሰረ ግን ማን ደፍሮ ከፍ ያለ ግብ ይይዛል?

ከደብረ ማርቆስ፣ የመንግሥት ሠራተኛ፦ እኛ ዘንድ በቢኤስሲ ከዘጠና በታች ያገኘ ሰው አላየሁም። ሥራው ግን ባለበት ነው።

ከባሕር ዳር፦ የእናንተን መሥሪያ ቤት በሁሉም ላይ አይጫኑ። እኛ በትክክል ሞልተናል።

ከደብረ ማርቆስ፦ በትክክል? ሰኔ 28 ቀን ቁጭ ብላችሁ የዓመቱን አይደል የሞላችሁት?

መልስ፦ ይህን ጠብ ሌላ ቀን ጨርሱት። ቀጣይ።

ከቡሬ፣ የዱቄት ፋብሪካ የምርት ኃላፊ፦ ሶፍትዌር ገዝተን የየክፍሉን ዕቅድ ልናስገባ ነው። ክፍሎቹን ማናበብ የሚቻለው እንዴት ነው?

መልስ፦ ይኸኛው ጥያቄ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ የዱቄት ፋብሪካ ውስጥ በዕቅድ ክፍል ሠርቻለሁ። የግዥ ክፍል ግቡ የአንድ ኩንታል ስንዴ ዋጋን መቀነስ ነበር፣ ቀነሰው። ምርት ክፍል ወፍጮው ሳይቆም በቀን የሚፈጨውን ማሳደግ ነበር፣ አሳደገው። ሽያጭ ክፍል አዳዲስ ዳቦ ቤቶችን ማምጣት ነበር፣ አመጣ። ሶፍትዌሩ ሰሌዳ ላይ ሦስቱም አረንጓዴ፣ ማለትም ግባቸውን ያሳኩ፣ ናቸው። ለካ ግዥ በርካሽ ያገኘው እርጥበት ያለው ስንዴ ኖሯል። ከመቶ ኩንታል ሰባ አምስት ያህል ዱቄት ስንጠብቅ ከዚያ በታች ይወጣል፤ ዱቄቱም መጋዘን ውስጥ ይጓጉላል። አዳዲሶቹ ዳቦ ቤቶች በሁለተኛው ወር ጆንያውን እየጫኑ መለሱልን። ዓመቱ ሲዘጋ ሦስት አረንጓዴና አንድ ኪሳራ!

ሶፍትዌሩ አልዋሸም። የሰጠነውን ነው ያሳየው። እኛ ግን ለሦስቱ ክፍሎች አንድ የጋራ መስመር አልሰጠናቸውም። «ከዳቦ ቤት የሚመለስ ዱቄት» የሚል አንድ ቁልፍ ውጤት በሦስቱ ስም ቢመዘገብ ኖሮ ግዥ ስንዴውን ሳይጭን የእርጥበት መለኪያውን ያወጣ ነበር። ስለዚህ የየክፍሉን ዕቅድ ለየብቻ ገልብጣችሁ አታስገቡ። ሦስቱን ኃላፊዎች አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጡና እያንዳንዱ «እኔ ግቤን እንዳሳካ ከአንተ የምፈልገው ይህ ነው» ይበል። ልክ እንደ ወንፈል፦ ዛሬ እኔ ካንተ ማሳ፣ ነገ አንተ ከእኔ። ሶፍትዌሩ ላይ የሚገባው ያ ስምምነት ነው።

ከፍኖተ ሰላም፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ያሉት ደቦ ነው እንጂ ወንፈል አይደለም።

ከሞጣ፦ ወንፈል ነው። ደቦ ባለቤቱ ጠላና እንጀራ አቅርቦ ብዙ ሰው የሚጠራበት ነው፤ ወንፈል ግን ብድር አለው።

ከፍኖተ ሰላም፦ ደቦስ ብድር የለውም? የጠራኽኝን እኔም እጠራሃለሁ።

ከሞጣ፦ አንተ ከተማ ነው ያደግኸው መሰለኝ።

መልስ፦ ወንፈል ነው ያልሁት፣ ወንፈል ነው።

ከዳንግላ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፦ ሶፍትዌሩ ሩብ ዓመቱን በራሱ ጊዜ ይዘጋብናል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እሰይ፣ ይህን የሚጠይቅ ጠፍቶ ነበር። ብዙዎቹ ሶፍትዌሮች የበጀት ዓመቱ በየትኛው ወር እንደሚጀምር ብቻ ይጠይቃሉ። እናንተ ጁላይ ብላችሁ ስትመርጡ እሱ ከጁላይ 1 ይጀምራል፤ ያ ደግሞ ሰኔ 24 ነው። የእኛ ሐምሌ 1 የሚውለው ጁላይ 8 ነው። ስለዚህ በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት ተሯሩጣችሁ የዘጋችሁት ሽያጭ በሙሉ ለአዲሱ ዓመት ይቆጠራል። አሮጌው ዓመት የጎደለ፣ አዲሱ ያለ ድካም የሞላ ይመስላል። በዚህ ላይ ጳጉሜን አለች። የመጀመሪያው ሩብ ዓመታችን፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ 95 ቀን ነው፣ አንዳንዴም 96፤ ሌሎቹ 90 ናቸው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን በእጅ ማስገባት ይፈቅድ እንደሆነ ሞክሩ። ካልፈቀደ ተዉት።

ከእንጅባራ፦ የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?

መልስ፦ ስንት ሰው ናችሁ? ስንት ክፍል? ምን ልትለኩ? ይህን ሳትነግረኝ ምን ልበልህ?

ከእንጅባራ፦ አሥራ ሁለት ሰዎች ነን።

መልስ፦ ኤክሴል ይበቃችኋል። ከሱም ብዕርና ሰሌዳ ይቀድማል።

ከቢቸና፦ ክፍያው በዶላር ነው። እንዴት እንክፈል?

መልስ፦ ባንካችሁን ጠይቁ።

ከአዴት፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሠራተኛ፦ ግባችንን «የአባላትን ተጠቃሚነት ማረጋገጥ» ብለን አስገብተናል። ሶፍትዌሩ ግን ቁጥር ይጠይቀናል።

መልስ፦ ደግ አደረገ። እህቴ፣ ሰምና ወርቅ በቅኔ ያምራል፤ ለዚያ ዋሸራ አለላችሁ። ግብ ግን አንድ ትርጉም ብቻ ይኑረው። አባላት በአንድ ኩንታል ጤፍ ስንት ብር ተረፋቸው? ክፍያው በስንት ቀን ደረሳቸው? እነዚህን አስገቡ። ደግሞም ከጉርሻ ጋር አታያይዙት፣ ብያለሁ።

ከደጀን፦ ጋሼ፣ የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?

መልስ፦ ከላይ አንብብ። ይልቅ አንድ ነገር ልጨምር። ማይክሮሶፍት በ2021 አላይ የተባለውን ኩባንያ ገዝቶ ቪቫ ጎልስ የሚል ግብ መከታተያ አወጣ፤ በ2025 መጨረሻ ዘጋው። የማይክሮሶፍት ሲሆን እንዲህ ከሆነ የትንሹን አስቡት። በየሩብ ዓመቱ መረጃችሁን ወደ ኤክሴል አውጥታችሁ አስቀምጡ።

ከቡሬ፣ የምርት ኃላፊው፦ ጋሼ፣ ተመልሼ መጣሁ። የሽያጭ ኃላፊያችንን ጠርቼ ያሉትን ሞከርን። የሁለታችንም ዕቅድ ላይ «ምርት» የሚል ቃል አለ። እኔ ከወፍጮ የወጣውን ነው የምቆጥረው፣ እሱ ከመጋዘን የወጣውን። ይኸው ግማሽ ሰዓት ተከራከርን።

መልስ፦ ግዥ ክፍሉንስ ጠርታችሁታል?

ከቡሬ፦ አልጠራነውም።

መልስ፦ ጥሩት። ሶፍትዌሩ ሰኞ ይደርሳል።