ፒፓር አልፋ ሲጠፋ ጉበት እንዲያ ሲጎዳ ጡንቻ ለምን ደህና ይሆናል?

ሰላም እህቴ። «ፒፓር አልፋ የሌላቸው አይጦች ምግብ ሲከለከሉ ጉበታቸው ክፉኛ ይጎዳል፤ ጡንቻቸው ግን ብዙም አይለወጥም፤ ለምን?» ብለሻል። ላብራቶሪ ውስጥ ከእነዚህ አይጦች ጋር ስለምሠራ የማውቀውን ልጻፍልሽ።

ምግብ ሲቋረጥ ከስብ ክምችት የሚለቀቁ ፋቲ አሲዶች ወደ ጉበት ይጎርፋሉ። ፒፓር አልፋን፣ ማለትም ሴል ውስጥ ሆኖ ጂኖችን የሚያዘውን ተቀባይ ፕሮቲን፣ የሚቀሰቅሱትም ፋቲ አሲዶችና ከእነሱ የሚሠሩ ውህዶች ናቸው። ሲቀሰቀስ፣ አርኤክስአር ከተባለው አጋር ተቀባዩ ጋር ተጣምሮ ዲኤንኤ ላይ ያርፍና ስብ የሚያቃጥሉ ጂኖችን ሥራ ያስጀምራል። አንዱ ሲፒቲ1 ነው፤ ስቡ ወደ ማይቶኮንድሪያ (የሴሉ ኃይል ማመንጫ) የሚገባበት በር። ሌላው ኤችኤምጂሲኤስ2፤ ኪቶን (ከስብ የሚሠራ ነዳጅ) የሚሠራው በእሱ ነው። ጉበት ኪቶኑን ራሱ አይጠቀምበትም፣ ለአንጎልና ለጡንቻ ይልከዋል።

ተቀባዩ ከሌለ ስቡ ይመጣል፣ የሚያቃጥለው ግን የለም። ሌሊቱን ያለ ምግብ ያደረች አይጥ ስትከፈት ጉበቷ ገርጥቶ ወደ ቢጫ ያደላል። ስስ ቁራጩን ስብን በሚያቀላው ኦይል ሬድ ኦ በተባለው ቀለም ስትቀቢው በቀይ ጠብታ ተሞልቶ ታያለሽ። የደም ስኳሯ ይወርዳል፣ ኪቶኗ እንደሚገባው አይጨምርም፣ ሰውነቷም ይቀዘቅዛል።

ጡንቻ ግን መጠባበቂያ አለው። እዚያ በብዛት ያለው የአልፋ ዘመድ የሆነው ተቀባይ ፒፓር ዴልታ ነው፤ ከአልፋ ጂኖች ብዙዎቹን እሱም ያዛል። ፒዲኬ4 የተባለውን ኢንዛይም ውሰጂ፦ ከስኳር የሚመጣው ፒሩቬት ለማቃጠል ወደሚዘጋጀው አሴቲል ኮኤ እንዳይቀየር ስለሚያግድ ስኳር ይቆጠባል፣ ጡንቻውም ፊቱን ወደ ስብ ያዞራል። በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት የነቃ ፒፓር ዴልታ ጡንቻቸው ላይ የተጨመረላቸው አይጦች ቀያይ፣ ቶሎ የማይደክሙ የጡንቻ ጭረቶች በዝተውላቸው ከሌሎቹ በጣም ርቀው ሮጠዋል። በነገራችን ላይ፣ ይህን ተቀባይ የሚቀሰቅሰው ካርዳሪን እንስሳት ላይ ካንሰር በማስከተሉ መድኃኒት የመሆን ጉዞው ተቋርጧል። ለስፖርት ብሎ የሚያቀርብላችሁን ሰው እባካችሁ እንዳትሰሙት።

ወደ ሙከራሽ ስመለስ፣ እዚያው ናሙና ላይ ፒፓር ዴልታንና ፒዲኬ4ን ለኪ። የትኛውን ጡንቻ እንደወሰድሽም መዝግቢ፤ ሁለቱ የባት ጡንቻዎች፣ ሶሊየስና ነጩ የጋስትሮክኒሚየስ ክፍል፣ በፍጹም አንድ አይደሉም። ፒፓር አልፋ በቀኑ ሰዓት ከፍ ዝቅ ስለሚል ሁሉንም አይጦች በተመሳሳይ ሰዓት ክፈቻቸው። ደግሞም ጂኑ የጠፋው ከመላ አካል ነው ወይስ ከጉበት ብቻ? ከመላ አካል ከሆነ፣ ጡንቻው ላይ የምታዪው ለውጥ ከጉበት የሚላክለት ኪቶን በማነሱ የመጣ ሊሆን ስለሚችል ከጉበት ብቻ የጠፋባቸውን አይጦችም ጨምሪ።