በትርፍ ጊዜያችሁ አብራሪ ለመሆን ለምትሹ ወጣቶች

የተወደዳችሁ ወጣቶች፤

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍሁት አውሮፕላን በማብረርና አብራሪዎችን በማሠልጠን ነው። በእጄ ካለፉት ሠልጣኞች መካከል አብዝተው የሚያሳስቡኝ ማብረርን መተዳደሪያቸው ሊያደርጉ የመጡት ሳይሆኑ፣ ሌላ ሥራ ወይም ትምህርት እያላቸው በትርፍ ጊዜያቸው ለመብረር የተመዘገቡት ናቸው። ከአየር መንገድ አብራሪ ጎን ሁለተኛ አብራሪ ይቀመጣል፤ የአየር ጠባዩን የሚከታተሉለት፣ የነዳጁን ስሌት የሚሠሩለት፣ አውሮፕላኑን የሚፈትሹለት ባለሙያዎች አሉት። የግል አብራሪ ግን የእነዚህን ሁሉ ሰዎች ኃላፊነት ብቻውን ይሸከማል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ የግል አብራሪነት ፈቃድ እንዴት እንደሚገኝ ለመንገር ብቻ ሳይሆን፣ «ዛሬ አልበርም» ማለትን ገና ከሥልጠናው መጀመሪያ እንድትለማመዱ አደራ ለማለት ነው።

ስለ ፈቃዱ በአጭሩ ልበል። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ባወጣው ዝቅተኛ መስፈርት መሠረት አመልካቹ 17 ዓመት የሞላው፣ የሁለተኛ ደረጃ የሕክምና ማረጋገጫ ያለው፣ ቢያንስ 40 ሰዓት፣ በጸደቀ የሥልጠና መርሐ ግብር ከሆነ ደግሞ 35 ሰዓት የበረረ መሆን አለበት። ከዚህ ውስጥ 10 ሰዓቱ ሠልጣኙ ያለ አሠልጣኝ የሚበርበት ሶሎ የሚባለው ሲሆን፣ በሁለት የተለያዩ አየር ማረፊያዎች እያረፈ በድምሩ ቢያንስ 270 ኪሎ ሜትር የሚሸፍንበት አንድ ጉዞም ይጨምራል። አገሮች በዚህ ላይ የራሳቸውን ያክሉበታል፤ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ለምሳሌ ዝቅተኛው 45 ሰዓት ነው። አብዛኛው ሠልጣኝ ግን ከዝቅተኛው በላይ ስለሚያስፈልገው በጀታችሁን ከወዲሁ በዚያው ልክ አስፉት። ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የሕክምና ምርመራውን ጨርሱ። ጀምሮ ገንዘብ ሲያልቅ ለወራት ከማቋረጥም አስቀድሞ አጠራቅሞ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ እየበረሩ መጨረስ እጅግ ይሻላል፤ ከረጅም ዕረፍት የሚመለስ ሠልጣኝ ቀድሞ ለተማረው ነገር ዳግመኛ ይከፍላልና።

ከመነሣታችሁ በፊት የምታደርጉትን ፍተሻ እንደ ሥርዓት ማሟያ አትቁጠሩት። ከእያንዳንዱ ታንክ ሥር በትንሽ ግልጽ ዕቃ ነዳጅ ቀድታችሁ ወደ ብርሃን ስታነሡ የምትፈልጉት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ውሃ ነው፤ ውሃ ከነዳጅ ስለሚከብድ ከታች ይዘቅጣል፤ በመካከላቸውም ጥርት ያለ መስመር ይታያል። ነገር ግን ዕቃው ሙሉ በሙሉ ውሃ የሞላው እንደሆነ መስመር አይኖርም፤ የቸኮለ ሰውም ንጹሕ ነዳጅ ነው ብሎ ያልፈዋል። ቀለሙን ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ለትንንሽ አውሮፕላኖች በብዛት የሚቀርበው 100 ሎው ሌድ የተባለው ቤንዚን ሆን ተብሎ ሰማያዊ ቀለም የተጨመረበት ነው። ከዚያም የነዳጁን መጠን በጠቋሚው ብቻ አትመኑ፤ ክዳኑን ከፍታችሁ በመለኪያ ዘንግ ለኩ።

በአየር ላይ ካሉት አደጋዎች ሁለቱን ብቻ ላንሣ፤ ሁለቱም በተረጋጋ ሰው ላይ ሳይቀር ቀስ ብለው የሚመጡ ናቸውና። የመጀመሪያው ስቶል፣ ማለትም ክንፉ አውሮፕላኑን የማንሣት ኃይሉን ማጣቱ ነው። ብዙ ጀማሪዎች ስቶል የሚመጣው ፍጥነት ሲያንስ ብቻ ይመስላቸዋል። ክንፍ የማንሣት ኃይሉን የሚያጣው ግን ከሚመጣው ነፋስ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከልክ ሲያልፍ ነው፤ ይህም በማንኛውም ፍጥነት ሊደርስ ይችላል። ከፍታን ጠብቆ በ60 ዲግሪ ጋደል ብሎ የሚዞር አውሮፕላን ክንፎቹ የሚሸከሙት ክብደት በእጥፍ ያድጋል፤ ስቶል የሚያደርግበት ፍጥነትም በ41 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። ለማረፍ የመጨረሻውን መታጠፊያ ስትዞሩ የመንደርደሪያውን መስመር አልፋችሁት እንደሆነ፣ አጥብቆ በመዞር ለመመለስ የሚመጣውን ፍላጎት ተቋቋሙ፤ በዚያ ዝቅታ ላይ ስቶል ከመጣ ለመዳን የሚበቃ ከፍታ የለም። ኃይል ጨምሩ፣ ወደ ላይ ውጡ፣ እንደገና ዙራችሁ ኑ። ዳግመኛ መዞርን እንደ ውርደት የሚያይ አሠልጣኝ ካጋጠማችሁ አሠልጣኝ ለውጡ።

ሁለተኛው ደመና ነው። በመሣሪያ ብቻ ለማብረር የሚያስችል ተጨማሪ ፈቃድ የሌለው አብራሪ ውጭውን እያየ ነው የሚበርረው። ደመና ውስጥ ሲገባ አድማሱ ይጠፋል፤ በውስጠኛው ጆሮ ያለው ሚዛን ጠባቂ ደግሞ አውሮፕላኑ ቀስ ብሎ ሲያጋድል አይሰማውም። አብራሪው ቀጥ ብዬ እየበረርሁ ነው ብሎ ሲያምን አውሮፕላኑ እየዞረ ይወርዳል፤ ሲያስተካክለው ደግሞ ሰውነቱ በሌላው ወገን ያጋደለ ይመስለዋል። ይህ የድፍረት ወይም የችሎታ ጉዳይ አይደለም፤ የሰው ልጅ አፈጣጠር ነው። ስለዚህ የአየር ሙቀቱና የጤዛ ነጥቡ (በአየሩ ያለው እርጥበት ወደ ውሃ ጠብታ መለወጥ የሚጀምርበት የሙቀት ልክ) እየተቀራረቡ ሲሄዱ ጭጋግና ዝቅተኛ ደመና ሊመጣ እንደሚችል ከመሬት ሳላችሁ ተረዱ፤ ከፊታችሁ ያለው ደመና ዝቅ እያለ ሲመጣም ገና ከበስተጀርባችሁ ጥርት ያለ ሰማይ ሳለ ተመለሱ።

አሁን ወደ ዋናው አደራዬ ልምጣ። መመለስን የሚያከብደው ብዙ ጊዜ ቃል መግባት ነው። ሠርግ አለ፣ ጓደኞች ይጠብቃሉ፣ ነገ ሥራ መገኘት አለበት፤ እነዚህ ነገሮች ሰማዩን ከሆነው በላይ ብሩህ አድርገው ያሳያሉ። የግል አብራሪ በዚህ ረገድ ባለሙያው የሌለው አንድ ትልቅ ነፃነት አለው፤ ፈቃዱ በክፍያ ማብረርን ስለማይፈቅድለት በሰዓቱ ሊያደርሰው የተገደደለት ደንበኛ የለውም። ይህን ነፃነት በራሳችሁ እጅ አትጣሉት። የምትሄዱበት ቦታ ለሚጠብቃችሁ ሰው ልትቀሩ እንደምትችሉ ከሁለት ቀን በፊት ንገሩ፤ ለመመለሻችሁም ሌላ መጓጓዣ አስቡ። ይህ ሲሆን የበረራው ዕለት ጠዋት ሰማዩን የምታዩት በንጹሕ ዓይን ነው።

ተሳፋሪዎቻችሁም እንዲሁ ይፈትኗችኋል። ሴስና 172 የተባለው ትንሽ አውሮፕላን አራት ወንበር አለው፤ ነገር ግን አራት አዋቂዎችን ከሙሉ ነዳጅ ጋር መጫን ብዙውን ጊዜ ከተፈቀደው ክብደት ያልፋል። ቀኑ ሞቃት፣ ቦታው ከፍተኛ ሲሆን ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ የተፈቀደው ክብደት እንኳ ረጅም መንደርደሪያ ይጠይቃል፤ ወደ ላይ መውጣቱንም ያዘገያል። ከጓደኞቻችሁ አንዱን «አንተ በሚቀጥለው» ማለት ያስቸግራል፤ ቢሆንም ስሌቱን አሳዩትና ንገሩት።

ፈቃዱን ካገኛችሁ በኋላ በአሜሪካም በአውሮፓም ያለው ደንብ፣ ተሳፋሪ ለመያዝ ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ ሦስት ጊዜ መነሣትና ማረፍን ይጠይቃል። ይህን ዝቅተኛ ልክ እንደ ግብ አትያዙት። ሥራ በዝቶባችሁ ከበረራ ስትርቁ፣ ወረቀታችሁ የሚሠራ ቢሆንም እንኳ፣ ከተሳፋሪ በፊት አሠልጣኝ ከጎናችሁ አስቀምጣችሁ አንድ ሰዓት ብረሩ፤ በዚያ ሰዓት ውስጥም ሞተር ቢጠፋ የምታርፉበትን ሜዳ መምረጥን፣ ስቶልን አውቆ መውጣትን፣ በጎን ነፋስ ማረፍንም እንደገና ሥሩ።