ድመቴ የእናቴ ጋቢ ላይ ሸናበት

ሰላም ለእርስዎ፤

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ከባለቤቴና ከ5 ዓመቱ ድመታችን ከአንበሴ ጋር። አንበሴ ወንድ ነው፣ ተኮላሽቷል፣ ከአፓርታማ ወጥቶ አያውቅም። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ አንድም ቀን ከሊተር ቦክሱ፣ ከመጸዳጃ ሳጥኑ ማለቴ ነው፣ ውጭ አልሸናም።

ከሁለት ወር በፊት እናቴ ከአዲስ አበባ መጣችልኝ። ለረከቦቱ ቦታ ስፈልግ ቦክሱን ከሳሎን ጥግ አንስቼ ልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ አደረግኩት። እናቴን እንዳይሸታት ብዬ ባለ ክዳን ገዛሁ። አሸዋውንም ሽቶ ባለው ቀየርኩት። መጀመሪያ ዝም ብሎ ይጠቀም ነበር። ከ10 ቀን ወዲህ ግን ምንጣፍ ላይ መሽናት ጀመረ፤ ባለፈው እሁድ ደግሞ የእናቴ ጋቢ ላይ። አያቴ የፈተለችው ጋቢ ነው። እናቴ አለቀሰች።

ከትናንት ጀምሮ ቦክሱ ውስጥ እየተመላለሰ ቁጢጥ ይላል፣ ይጮሃል፤ የሚወጣው ግን ጠብታ ብቻ ነው። እናቴ «ድመት ቂመኛ ነው፤ መምጣቴን ጠልቶ ነው» ትላለች። አሞትም ከሆነ ግማሽ ታይሌኖል (ፓራሲታሞል) እንስጠው አለችኝ። ባለቤቴ ሼልተር፣ የእንስሳት መጠለያ፣ እንውሰደው ይላል። እኔም ተናድጄ አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ይዤ ተቆጣሁት። አሁን ሲያየኝ አልጋ ስር ይገባል። ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባኝ፣ ከሜሪላንድ

---

እህቴ፤

ደብዳቤሽን ሳነብ «ጠብታ ብቻ» የምትለው ላይ ስደርስ ደነገጥኩ። ለዚህ ነው ያኔውኑ በኢሜይል «ነገ አትበይ፣ አሁኑኑ ሐኪም ጋ ውሰጂው» ብዬ የጻፍኩልሽ። በዚያው ሌሊት ይዘሽው በመሄድሽ ደስ ብሎኛል። የሽንት ቧንቧው አልተዘጋም፣ ጠጠርም ኢንፌክሽንም የለም፣ ፊኛው ግን ተቆጥቷል መባሉን ነገርሽኝ። እፎይ ብያለሁ። እዚህ የምጽፈው ለቀሪው ነገር፣ ደግሞም ወንድ ድመት ላላቸው አንባቢዎች ሁሉ ነው።

የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ በጣም ጠባብ ነው። ከተዘጋ ሽንቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ደሙ ውስጥ ፖታሲየም ይከማችና ልብ ያቆማል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ድመታችሁ እያማጠ ምንም ካልወጣው ወይም ጠብታ ብቻ ከወጣው፣ ካስመለሰው ወይም ምግብ እምቢ ካለ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ የእንስሳት ሕክምና ይሂድ። ታይሌኖል ደግሞ በፍጹም! ለእናትሽ በደንብ ንገሪያቸው፤ አንድ ክኒን ድመትን ሊገድል ይችላል። ኢቡፕሮፌንም እንደዚያው ነው።

አሁን ወደ ቂሙ እንምጣ። አንበሴ ቂም አልያዘም። አሞት ነበር። ድመት ሲሸና ካመመው ሕመሙን ከፊኛው ጋር ሳይሆን ከቦክሱ ጋር ያያይዘዋል። «እዚያ ስገባ ያመኛል» ይልና ሌላ ቦታ ይፈልጋል፤ ለስላሳ ነገር ይመርጣል። ከአያትሽ ጋቢ የለሰለሰ ምን አለ? እናትሽን ጠልቶ አይደለም። ይህን ቁጭ ብለሽ አስረጂያቸው፤ ከጋቢው በላይ የጎዳቸው «ጠላኝ» የሚለው ይመስለኛል።

ፊኛው ለምን ተቆጣ? በወጣት ድመቶች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ተህዋሲያን አይገኝም፤ ጭንቀት ግን ትልቅ ድርሻ አለው። በሁለት ወር ውስጥ ምን ያህል ነገር እንደተቀየረበት ቁጠሪው። አዲስ ሰው መጣ። የዕጣን ጭስ መጣ። ቦክሱ ቦታውን ለቀቀ፤ አጠገቡ ማሽን ያጓራል። አሸዋውም ሌላ ሆነ።

ስለ አሸዋው አንድ ነገር ላጫውትሽ። እናትሽ አገር ቤት ድመት አመድ ላይ ሲጸዳዳ ሳያዩ አይቀሩም። አሜሪካም ድሮ እንዲሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 ሚሺጋን ውስጥ ኤድዋርድ ሎው የሚባል ሰው፣ ለድመቷ አመድ ትጠቀም ለነበረች ጎረቤቱ ዘይት መምጠጫ የሸክላ አፈር ሰጣት። የዛሬው የድመት አሸዋ ንግድ ከዚያ ተነሣ። ድመት የሚፈልገው ያንኑ ነው፤ ደቃቅ፣ ሊጫር የሚችል አፈር። ሽቶው ለእኛ እንጂ ለእሱ አይደለም። ክዳኑ ደግሞ ሽታውን ውስጥ ያፍነዋል፤ የእሱ አፍንጫ ከእኛ እጅግ የበረታ ነው።

እንግዲህ አሮጌውን ቦክስ ወደ ሳሎኑ ጥግ መልሺው። ረከቦቱ ይነሣ፤ ቡናው መስኮት ተከፍቶ ሌላ ጥግ ይፈላ። ክዳኑን አንሺ። ሽቶ የሌለው፣ ሲረጥብ የሚጓጉል ደቃቅ አሸዋ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ሙዪበት። ሁለተኛ ቦክስ ጨምሪ፤ ለአንድ ድመት ሁለት ቢሆን ጥሩ ነው፣ ጎን ለጎን ግን አታድርጊያቸው። ቢያንስ በቀን አንዴ ይጠረግ። ወደፊት ቦታ መቀየር ካለብሽ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያስጠጋሽ ነው።

ምንጣፉን በበረኪና አትንኪው። በረኪና ሽንት ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ተራ ሳሙናም ለእኛ ሽታውን ያጠፋል እንጂ ለእሱ አያጠፋም፤ ተመልሶ እዚያው ይሸናል። የቤት እንስሳት መደብር ኢንዛይም ያለው ማጽጃ ይሸጣል። በደንብ አርሰሽው በራሱ ጊዜ ይድረቅ። ለጋቢው ቀዝቃዛ ውሃና ያንኑ ማጽጃ ተጠቀሚ፤ ሙቅ ውሃ አታስነኪው።

ውሃ ብዙ እንዲያገኝ የቆርቆሮውን እርጥብ ምግብ አብዢለት። ቅያሪውን ቀስ በቀስ አድርጊው። የውሃ ሳህን ሁለት ሦስት ቦታ አስቀምጪ፤ ከቦክሱ ራቅ ይበል።

አፍንጫውን የያዝሽው ነገር አሳዝኖኛል፤ አንቺም እንዳዘንሽ ከደብዳቤሽ ይታያል። ድመት ከቅጣት የሚማረው ሰውን መፍራት ብቻ ነው። አሁን አትከተዪው። ወለል ላይ ቁጭ ብለሽ ጠብቂው፤ ራሱ ይመጣል። የማታ ምግቡን ደግሞ እናትሽ ይስጡት።

ባለቤትሽን ጥቂት ሳምንት ታገሠኝ በዪው። ይህ በሽታ ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል የድንገተኛውን ሐኪም ስልክ ፍሪጁ ላይ ለጥፊው። እንደገና ሲያምጥ ካየሽው ለእኔ አትጻፊ፤ ይዘሽው ሩጪ።