ሁለተኛ ልጄን ፀንሻለሁ፤ ጾሙም ጸሎቱም አቃተኝ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ክርስትና ስሜ ወለተ ማርያም ነው። አንድ ዓመት ከ9 ወር የሆነው ወንድ ልጅ አለኝ። አሁን ደግሞ የ4 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የመጀመሪያው እርግዝናዬ ቀላል ነበር፤ ይሄኛው ግን አልጋ ላይ ጣለኝ። አንዳንድ ቀን ውኃ እንኳ አይረጋልኝም። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቴ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል። ሐኪሙ «የተስማማሽን ሁሉ ብዪ» ስላለኝ በጾመ ነቢያት ወተትና እንቁላል ቀመስኩ። አማቴ «እኛ ሰባት ወልደን አንድ ዓርብ አልገደፍንም» አሉኝ። ቅዳሴ ስሄድ የዕጣን ሽታ ያስመልሰኛል፤ ጎረቤቴ «ይሄ የመንፈስ ነገር ነው» አለችኝ። ጸሎት ከተውኩ ቆየሁ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ባለፈው ሳምንት ልጄን በጥፊ መታሁት። ሌሊት ሌሊት «ምነው ይሄኛው ባልተፀነሰ» የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። እግዚአብሔር ተቀይሞኝ ይሆን?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንኳን ጠየቅሽ እኅቴ። ወደ ሃይማኖቱ ጉዳይ ሳልገባ አንድ ነገር ላስቀድም። ውኃ አይረጋልኝም ያልሽው ነገር አሁንም ካለ፣ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ወደ ሐኪም ሂጂ። ሽንትሽ ከጠቆረ ወይም ካነሰ፣ ስትነሺ ዓይንሽን ካጨለመሽ፣ ኪሎሽ ከወረደ፣ ሰውነትሽ ፈሳሽ አጥቷል ማለት ነው። ጤና ጣቢያም ሆነ ሆስፒታል ግሉኮስ ይሰጡሻል። ለነፍሰ ጡር የሚሆን የማስታወክ መድኃኒትም አለ፤ ሐኪም ያዝልሻል እንጂ ከመንገድ ፋርማሲ በግምት አትግዢ። ደም ከታየሽ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ፣ ፊትና እጅሽ ካበጠ ደግሞ «ነገ እሄዳለሁ» አትበዪ።

«ሐኪም ቤት ከመሮጥ ጠበሉ አይበልጥም ወይ?» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አሳዪው። ሐኪሙን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እርሱ ነው ይላል። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ጥያቄ በተነሣ ጊዜም የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። ጠበሉን በእምነት ጠጪ፤ ጥቂት ጥቂት አድርገሽ። በብርድ ጠዋት ቆሞ መጠመቁን ግን አሁን ተዪው።

ወደ ጾሙ ልምጣ። የሐዋርያት ቀኖና ዐቢይ ጾምን፣ ረቡዕንና ዓርብን የማይጾመውን ሰው አጥብቆ ይገሥጻል። ካህን ከሆነ ከሹመቱ ይሻር እስከማለት ይደርሳል። ግን እዚያው ላይ፣ ሳይርቅ፣ የሥጋ ድካም ከልክሎት ካልሆነ በቀር ይላል። ጾምን ያዘዙት አባቶች ናቸው ለደካማው በሩን የከፈቱት። ጾም የተሠራው ሥጋ ለነፍስ እንድትገዛ ነው። ያንቺ ሥጋ ከአልጋ መነሣት አቅቷታል፤ ምኗን ነው የምናስገዛት?

ታዲያ ይህን ፈቃድ የምትቀበዪው ከእኔ አይደለም፤ ከንስሐ አባትሽ ነው። ደውለሽ እንደ ጻፍሽልኝ አድርገሽ ንገሪያቸው። እርሳቸው የሚሉሽን ያዢና ጨርሺ፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ማንኪያ ወተት እንደ በደል አትቁጠሪ። ምስሩ ወይም ሽሮው የሚረጋልሽ ቀን ካለ እሰየው፣ እሱን ብዪ። ግን ሰዓት አትጠብቂ። ነፍሰ ጡር ባዶ ሆዷን ስትቆይ ማቅለሽለሹ ይብስባታል። ከአልጋ ሳትነሺ ደረቅ ዳቦ ወይም ጥቂት ቆሎ አፍሽ ላይ ጣል አድርጊ። የአይረን እንክብሉ ካስመለሰሽም ዝም ብለሽ አትጣዪው፤ ሰዓቱን ወይም ዓይነቱን እንዲቀይሩልሽ ጠይቂ። ስግደቱ ይቅር። ቅዱስ ቁርባንን በተመለከተ ትውከቱ እስኪያቆም መቆየት ነው የሚሻለው፤ የተቀበሉትን ማስመለስ ቀላል ነገር አይደለምና። ይህንንም ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሩበት።

የእናታችንን የአማትሽን ንግግር በክፉ አትያዢው። ሰባት ወልዶ መጾም ትልቅ ነገር ነው፤ አከብራቸዋለሁ። ግን ያኔ የነበረውን ግቢ አስቢው። ትልቁን ልጅ ጎረቤት ታዝለዋለች። አንዷ ውኃ ትቀዳለች፤ ሌላዋ ቡና አፍልታ ትጠራለች። አንቺ 4ኛ ፎቅ ላይ በር ዘግተሽ ከአንድ ሕፃን ጋር ነው የምትውዪው። እርሳቸው ያልገደፉትን ዓርብ ብቻ ነገሩሽ፤ ያኔ ማን እንዳገዛቸውም ጠይቂያቸው። በፍቅር ከጠየቅሻቸው ምናልባት ራሳቸው መጥተው ሕፃኑን ይይዙልሻል።

አሁን የዕጣኑን ነገር። ፈገግ አልኩ፤ ይቅር በዪኝ። ባለቤቴ ሁለተኛ ልጃችንን ስትፀንስ የሽንኩርት ቁሌት ሲሸታት ከቤት ትወጣ ነበር። እኔ ደግሞ የሚረዳት መስሎኝ ዕጣን አጨስኩላትና ውዳሴ ማርያም መድገም ጀመርኩ። ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። «ጸሎቱን ቀጥል፣ ዕጣኑን አጥፋው» አለችኝ። በእርግዝና ጊዜ አፍንጫ ይለወጣል። ቁሌት የሚያስመልሳት ሴት፣ ሳሙና የሚያስመልሳት ሴት ርኩስ መንፈስ አለባት አንልም። የዕጣኑም ያው ነው። ዕጣኑ ቅዱስ ነው፤ ሆድሽ ደግሞ የታመመ ሆድ ነው። ቅዳሴ ስትሄጂ ቅጽሩ ውስጥ፣ ዛፉ ሥር ተቀምጠሽ አስቀድሺ። በየደብሩ ስንቱ ሕዝብ ከውጭ ሆኖ አይደል እንዴ የሚያስቀድሰው? መሄድ ያቃተሽ ቀንም ቤትሽ ሁኚ። ለጎረቤትሽ «መምህሩ እንዲህ አለኝ» በያትና አትከራከሪያት።

ጸሎት ተውኩ ላልሽው፣ ሐና በቤተ መቅደስ ስትጸልይ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ድምፅዋ አይሰማም። ካህኑ ዔሊ የሰከረች መሰለው። እግዚአብሔር ግን ሰማት። ዳዊትም በመኝታው ላይ ሆኖ እግዚአብሔርን ያስብ ነበር። መቆም የማይችል ተኝቶ ይጸልያል። ውዳሴ ማርያሙን ከሰኞ እስከ እሑድ መድረስ ካልቻልሽ አቡነ ዘበሰማያት በዪ። እሱም ከረዘመ «እግዚኦ መሐረነ» ይበቃሻል። ልጅሽ አጠገብሽ ሲተኛ ግንባሩ ላይ በጣትሽ አማትቢለት። እናቶቻችን ምጥ ላይ «ማርያም! ማርያም!» ብቻ ነበር የሚሉት፤ ያቺን አንዲት ቃል ማንም ሙሉ ጸሎት አይደለችም አላላቸውም። ቅዱስ ሩፋኤልንም «ፈታሔ ማኅፀን»፣ ማኅፀንን የሚፈታ ብላ ቤተ ክርስቲያን ትጠራዋለች፤ ስሙን ጥሪው።

በደብዳቤሽ ውስጥ ልቤን የነካው ግን የመጨረሻው ነው። «ምነው ይሄኛው ባልተፀነሰ» የሚለው።

ነቢዩ ኤልያስን ታስታውሺያለሽ? ከኤልዛቤል ሸሽቶ ምድረ በዳ ገባ። ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠና «ይበቃኛል፤ እኔ ከአባቶቼ አልበልጥምና ነፍሴን ውሰድ» አለ። ሞትን ለመነ። ያውም ኤልያስ! ያንቺም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ራስሽን ከእናቶችሽ ጋር አስተያየሽና አነስኩ አልሽ። እንግዲህ መልአኩ መጥቶ ምን አደረገ? አልገሠጸውም። እምነትህ የት ሄደ አላለውም። ነካ አደረገውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ራስጌው ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጣ፤ አሁንም ብላ አለው፤ መንገዱ ሩቅ ነውና። ትምህርቱና ተግሣጹ የመጣው በኋላ ነው፤ በእግሩ 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ከደረሰ ወዲያ። እኔ ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር መጀመሪያ ምግብና እንቅልፍ የሰጠው መሆኑ ይገርመኛል።

በኀልዮ (በሐሳብ)፣ በነቢብ (በንግግር)፣ በገቢር (በሥራ) ኃጢአት እንሠራለን ብለን እናምናለን። በኀልዮ የምንለው ግን ሐሳቡን ተቀብለን ስናስተናግደው ነው። ደክሞሽ በሌሊት በር የሚያንኳኳ ሐሳብ ሌላ፣ ገብቶ እንዲቀመጥ የፈቀድሽለት ሐሳብ ሌላ። ሐሳቡ አስጨንቆሽ መጻፍሽ ራሱ በሩን እንዳልከፈትሽለት ያሳያል። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸውና ቅለዪ። ግን ይህ ጨለማ ለሳምንታት ካልለቀቀሽ፣ ምንም ነገር ደስ ካላለሽ፣ ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ብቅ ካለ፣ ለባለቤትሽና ለሐኪምሽ በዚያው ቀን ንገሪ። የአእምሮ ጭንቀት በእርግዝና ጊዜም ይመጣል። በሽታ ነው፣ ይታከማል። «ጸሎት ስላነሰሽ ነው» የሚልሽን አትስሚ።

ልጅሽን መምታትሽ ልክ አልነበረም፤ አላለሳልስልሽም። አቅፈሽው «ይቅርታ የኔ ጌታ» በዪው። አይገባውም እንዳትዪ፣ ድምፅሽ ይገባዋል። እርሱም እኮ ግራ ገብቶታል። ትናንት የምታዝለው እናቱ ዛሬ አትነሣም። ጡት ገና ካልተወ ደግሞ አንዳንዱ ሰው «የነፍሰ ጡር ወተት ይመርዘዋል» ብሎ ባንድ ቀን እሬት ቀብተሽ እንድታስጥዪው ይገፋፋሻል። ወተትሽ መርዝ አይደለም። በዚህ ድካም መቀጠል ይሻልሽ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂ፤ ማስጣል ካለብሽም ቀስ እያልሽ ይሁን። ከአሁን ወዲያ ተቀምጠሽ እርሱ ወደ አንቺ ይውጣ እንጂ ጎንበስ ብለሽ አታንሺው። ንዴቱ ሲመጣብሽ ልጁን አልጋው ላይ ወይም የማይወድቅበት ቦታ አስቀምጪና አንድ ደቂቃ ፈቀቅ በዪ። ቢያለቅስ ያልቅስ።

ይህን ለባልሽ አንብቢለት። ወንድሜ፣ አንተ እየጾምክ ነው፤ እግዚአብሔር ይቀበልልህ። ኢሳይያስ 58ን ግን እስከ መጨረሻው አንብበው። እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለራበው መቁረስ፣ ከሥጋ ዘመድም አለመሸሸግ ነው ይላል። ከሥራ ደክመህ እንደምትገባ አውቃለሁ። ስትገባ ሕፃኑን ተቀበላትና ደረጃውን ወርዳችሁ ግማሽ ሰዓት ውጭ ቆዩ። ቁሌቱን አንተ አቁላ፣ መስኮቱን ከፍተህ። ሳህኑን እጠብ። እኔ ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው፤ ባለቤቴ ትመሰክራለች።

አንድ ነገር ቀረኝ። ደብዳቤሽ ውስጥ ስለ እናትሽ ምንም አላልሽም። በአገራችን ልማድ እናት የምትመጣው ልጇ አራስ ስትሆን ነው፤ ገንፎ ልታገነፋ። አንቺም ለዚያ ጊዜ ብለሽ ሳታስቸግሪያት የቆየሽ ይመስለኛል። እመቤታችን ግን ወደ ኤልሳቤጥ የሄደችው በስድስተኛው ወር ነው። ልጁ እስኪወለድ አልጠበቀችም። ራሷም ፀንሳ ሳለ ወደ ተራራማው አገር ፈጥና ወጣች፤ 3 ወር ያህልም ተቀመጠች። እናትሽ ወይም እኅትሽ ካለች ከወሊድ በኋላ ልትቆይ ካሰበችው ላይ ጥቂት ሳምንት ቀንሳ አሁን ትምጣ። ዘመድ ከሌለሽ የጽዋ ማኅበርተኞችሽን ወይም ከታች ፎቅ ያለችውን ያቺኑ ጎረቤትሽን ለምኚ፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ልጁን ትያዝልሽ። ስለ መንፈስ ያወራችው እኮ ስላሰበችልሽ ነው፤ ሥራ ስጪያት።

ዛሬ ማታ ለንስሐ አባትሽም ለዘመዶችሽም ደውዪላቸው። በሽልም ያውጣሽ።