ፀሐይ የማያውቀው ኮራል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምኖረው ኖርዌይ፣ ትሮንድሄም ነው። የሥራ ባልደረባዬ እዚሁ ፊዮርዳችን (በተራሮች መካከል ወደ የብስ ጠልቆ የገባው የባሕር ክንድ) ውስጥ ኮራል አለ ሲለኝ ማመን አቃተኝ። ኮራል እኮ እኔ የማውቀው በልጅነቴ ምጽዋ ያየሁትን ነው። በዚህ ጨለማና ብርድ ምን በልቶ ይኖራል?

መልስ፦ ባልደረባዎ እውነቱን ነው። ኮራል፣ ድንጋይ መሳይ አጽም የሚሠራው ይህ የባሕር እንስሳ፣ ታውትራ ደሴት አጠገብ 40 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ይገኛል። ይህን ያህል ወደ ላይ ቀርቦ መገኘቱ ብርቅ ነው፤ የቀዝቃዛ ውኃ ኮራል በብዛት የሚኖረው ከ200 እስከ 1,000 ሜትር ባለው ጥልቀት ነውና።

የምጽዋው ኮራል ገላው ውስጥ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ሠርተው የሚያካፍሉት ጥቃቅን አልጌዎች አሉት። የእናንተው ግን የሉትም። በአፉ ዙሪያ ያሉትን ቀጫጭን ክሮች ዘርግቶ፣ ውኃው እየነዳ የሚያመጣለትን ጥቃቅን እንስሳና ከላይ የሚወርደውን ፍርፋሪ ይለቅማል። ስለዚህ የት እንዳለ ለማወቅ ፀሐይን ይርሱትና የሚጣበቅበት ድንጋይና ጠንከር ያለ የውኃ ፍሰት ይፈልጉ። ልል ጭቃ ላይ መቆም አይችልም፤ ውኃው ከተኛበትም ይራባል። የባሕር ውስጥ ተራራ አናት፣ የገደል አፋፍና የፊዮርድ ጠባብ በር የሚስማማው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 በሰሜን ኖርዌይ፣ ሎፎተን ደሴቶች አካባቢ የተገኘው የሮስት ኮራል 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። በ2024 ደግሞ ከአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ ወዲያ 500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቅ የኮራል ግዛት በካርታ ላይ ሰፈረ። አብዛኛው ዝርያ የሚወደው ከ4 እስከ 12 ዲግሪ ነው። የሚገርመው የእኛው ሰፈር ቀይ ባሕር ነው፦ ጥልቁ ውኃው ከ20 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሳለ፣ ፀሐይ የማይደርስበት ኮራል እዚያም ተገኝቷል።

ቀረብ ብለው ቢያዩት ከላይ ነጭ ወይም ብርቱካናማ አበባ የመሰለው ሕይወት ያለው ነው፤ ከሥሩ ያለው የሞተ አጽም ደግሞ የሸርጣንና የቀይ ዓሣ መጠለያ ነው። በዓመት የሚያድገው በሚሊሜትር ተለክቶ ነው። እናም የባሕሩን ወለል እያረሰ የሚጎተት ከባድ መረብ አንዴ ካለፈበት፣ የሺህ ዓመት ሥራ በደቂቃዎች ይደቃል፤ ይህ ያንገበግበኛል። የኖርዌይ ተመራማሪዎች ከአገሪቱ ኮራል ከ30 እስከ 50 በመቶው ተጎድቷል ብለው ገምተው ነበር። መንጠቆና ቋሚ መረብ የሚጠቀሙት ዓሣ አጥማጆችም ዓሣው ራቀን ብለው ሲያማርሩ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ኖርዌይ አውቆ ኮራል ማውደምን ከለከለች።